ለሰፊ ቤተሰብ ሃይብሪድ ተጎታች ቤት ሲመርጡ ከመኪናው በር ይጀምሩ

ሃይብሪድ ተጎታች ቤት ወገቡ ጠንካራ ግድግዳና ጣሪያ ያለው፣ ጫፎቹ ግን ወደ ውጭ ተዘርግተው የሸራ ድንኳን የሚለብሱ አልጋዎች የሆኑለት ቤት ነው። በጉዞ ላይ አልጋዎቹ ወደ ላይ ታጥፈው የቤቱ ግድግዳ ይሆናሉ፤ ሲደረስ መቀርቀሪያቸው ተፈትቶ ይወርዱና ሸራቸው ይወጠራል። 6 ወይም 7 ሜትር በሚሆን ቤት ስድስት ሰባት ሰው ማስተኛት የሚቻለው መኝታው ከቤቱ ወጥቶ ስለሚያድር ነው። ያንኑ ያህል ሰው ሙሉ በሙሉ ጠንካራ ግድግዳ ባለው ቤት ላስተኛ ያለ ሰው በጣም የረዘመና የከበደ ተጎታች መግዛት ይኖርበታል።

እኛ ቤት ሰባት ነን፤ ሁለት ወላጅ፣ አምስት ልጅ። መጀመሪያ ገበያ ስንወጣ ቤቱን አየን፣ ወደድነው፣ ከዚያ በኋላ መኪናችን ይጎትተው እንደሆነ ጠየቅን። ሻጩም «ያለ ችግር ይጎትታል» አለን። አልዋሸም፤ የተሳሳተው የእኛ ጥያቄ ነበር። ሰባት ሰው የተሳፈረበት መኪና ተጎታቹ ገና ሳይያያዝበት አቅሙን ከግማሽ በላይ በራሱ ሰዎች ጨርሶታል። ትንሽ ቤተሰብ ይህን ስሌት ሳይሠራ ሊያመልጥ ይችላል፣ ሰፊ ቤተሰብ ግን አያመልጥም።

1. የመኪናውን አቅም ያስሉ

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መኪናው «3,400 ኪሎ ግራም ይጎትታል» የሚለውን የማስታወቂያ ቁጥር ነው። ለጊዜው ይርሱት። የሾፌሩን በር ሲከፍቱ በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ያገኛሉ። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ የተሳፋሪዎችና የዕቃው ድምር ክብደት ከስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለበት በግልጽ ይጽፋል፤ ሾፌሩም ከተሳፋሪ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ወረቀት ከሌለው በመኪናው ሰነድ ላይ ከተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት የባዶውን ክብደት ይቀንሱ።

አሁን ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። መኪናው የተፈቀደለት 620 ኪሎ ነው እንበል። አባት 82፣ እናት 66፣ ልጆቹ 58፣ 47፣ 36፣ 27 እና 19፤ ድምሩ 335። ሁለት የሕፃናት መቀመጫ፣ የመንገድ ስንቅና በየእግሩ ሥር የተወሸቁት ቦርሳዎች 45። የመጎተቻው ብረት ራሱ፣ ክብደት አከፋፋይ ዓይነት (ጫናውን ወደ ሌሎቹ ጎማዎች የሚያካፍለው) ከሆነ፣ 40 ገደማ። ይህ ሁሉ 420 ሆነ፤ የቀረው 200 ኪሎ ነው።

ይህ 200 ኪሎ ተጎታቹ በፊት ክንዱ በመኪናው ኳስ (ተጎታቹ በሚያያዝበት፣ ከመኪናው ኋላ ባለው ክብ ብረት) ላይ ሊጭነው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ነው። በሰሜን አሜሪካ በተለመደው አሠራር ይህ ጫና ከተጫነው ተጎታች ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከ10 በመቶ ሲያንስ ተጎታቹ በፍጥነት ላይ ከኋላ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ሊጀምር ይችላል፤ ሾፌሩም መሪውን ቢይዝም መኪናውን የሚመራው ተጎታቹ ይሆናል። በአውሮፓ ለኳሱ የሚፈቀደው ጫና ከዚህ ያነሰ ስለሆነ እዚያ ያለ አንባቢ በመኪናውና በመጎተቻው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይከተል። መካከለኛውን 13 በመቶ ብንወስድ 200 ኪሎ የሚያስችለን ሙሉ ጭነቱን ይዞ 1,540 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ተጎታች ነው። ሦስት ተዘርጊ አልጋ ያለው ሃይብሪድ ደግሞ ከነዕቃው በቀላሉ 2,300 ኪሎ ይገባል፤ በኳሱ ላይም 300 ኪሎ ያህል ይጭናል። እንግዲህ 3,400 ኪሎ ይጎትታል የተባለው መኪና በ2,300 ኪሎ ቤት መቶ ኪሎ አለፈበት ማለት ነው።

መውጫው ሦስት ነው፤ ቀለል ያለ ቤት፣ ጠንከር ያለ መኪና ወይም የዕቃ ሽግሽግ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። በመኪናው ውስጥ ያለው 45 ኪሎ ሻንጣ በመኪናው ላይ 45 ሆኖ ይቆጠራል። ያው ሻንጣ በተጎታቹ ውስጥ ከጎማዎቹ በላይ ቢቀመጥ ግን ኳሱ ላይ የሚያሳርፈው ጥቂት ኪሎ ነው። ክብደት አከፋፋይ መጎተቻም ከጫናው ከፊሉን ወደ መኪናው የፊት ጎማዎችና ወደ ተጎታቹ ጎማዎች ይመልሳል። ይሁንና በእርሱ ተማምኖ የተጻፈ ወሰን ማለፍ አይገባም።

ይህን ቁጥር ሳይዙ ሻጭ ዘንድ አይሂዱ። ልጆቹንም አይውሰዱ፤ አልጋው ላይ አንዴ ከወጡ በኋላ ስሌት የሚሰማ የለም።

2. የቤቱን ሁለት ቁጥሮች ያነጻጽሩ

በተጎታቹ ላይም ሁለት ክብደቶች ተጽፈዋል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው እና ከነጭነቱ የሚፈቀድለት ከፍተኛው። ሻጭ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው፤ እርስዎን መንገድ ላይ የሚያገኝዎት ግን ሁለተኛው ነው። 1,850 እና 2,350 ከሆኑ ልዩነቱ 500 ኪሎ ነው። ብዙ ይመስላል። 140 ሊትር የመጠጥ ውሃ ቢሞሉ 140 ኪሎ ሄደ። ሁለት ጋዝ ሲሊንደር ከነብረቱ 34፣ ባትሪ 25 (እነዚህ በባዶው ክብደት ውስጥ መቆጠር አለመቆጠራቸውን ይጠይቁ)። የቀረውን 301 ለሰባት ቢያካፍሉት ለአንድ ሰው 43 ኪሎ ይደርሳል፤ በዚያ ውስጥ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ወንበር፣ የምግብ ክምችትና ብስክሌት አለ። ብስክሌቶቹን ከኋላ መስቀል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ኋላው ሲከብድ ፊቱ ይቀልላል፣ ቅድም ያልነው መወዛወዝም ይመጣል።

ልዩነቱ ከ350 ኪሎ በታች የሆነ ቤት ለሰባት ሰው አይሆንም ባይ ነኝ። ትልቅ የውሃ ጋን ያለው ቤት ተገኝቶ ጋኑን ቢሞሉት ክብደቱ የሚያልፍ ከሆነ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

3. አልጋ ሲቆጥሩ የሚነቀለውን አይቁጠሩ

«ስምንት ሰው ያስተኛል» ሲባል የመመገቢያው ጠረጴዛም ሶፋውም ተቆጥረዋል። ጠረጴዛው አልጋ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ እራት ይነሳል፣ ጠረጴዛው ይጠረጋል፣ እግሩ ይነቀላል፣ ሰሌዳው በሁለቱ ወንበሮች መካከል ይወርዳል፣ አራት ትራስ እየተገጣጠመ ይደረደራል፣ አንሶላ ይነጠፋል። በትራሶቹ መጋጠሚያ ላይ የተኛው ልጅ እኩለ ሌሊት ላይ ትራሱ ተንሸራቶበት ሰሌዳው ላይ ራሱን ያገኛል። ጠዋት ደግሞ ቁርስ የሚበላው እርሱ ሲነሳ ብቻ ነው። ለአንድ ሌሊት እንግዳ ይሆናል፤ ለአሥር ቀን ግን በየማታው ጠብ ነው።

ስለዚህ ተነጥፈው የሚቆዩ አልጋዎችን ብቻ ይቁጠሩና ማን የት እንደሚተኛ በስም ይጻፉ። ወላጆች አንደኛው ተዘርጊ አልጋ ላይ፣ ትልልቆቹ ሌላው ላይ፣ ታናናሾቹ ውስጥ። ትንንሽ ልጆችን ተዘርጊው አልጋ ላይ አላስተኛም። ፍራሹ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ በፍራሹና በሸራው መካከል ያለው ክፍተትም በተለጣፊ ማያያዣ ብቻ የሚዘጋባቸው ብዙ ናቸው። ውስጥ ያለው ተደራራቢ አልጋ ከሆነ ላይኛው ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። በእያንዳንዱ ተዘርጊ አልጋ አጠገብ የሚሸከመው ከፍተኛ ክብደት ተጽፎ ይገኛል፤ ልጆች ተሰብስበው የሚዘሉበት ቦታ እርሱ ስለሆነ ያንብቡት።

በአጠቃላይ ሁለት ተዘርጊ አልጋና ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ያለውን፣ ሦስት ተዘርጊ ካለው እመርጣለሁ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሸራ ተጨማሪ የሚወጠር፣ የሚደርቅና የሚቀዳደድ ነገር ነው።

4. ቤቱን ተዘግቶ ይግቡበት

ሻጮች ሃይብሪድን የሚያሳዩት ሁሉም ነገር ተዘርግቶ ነው፤ ሰፊና ብርሃን የሞላበት ሆኖ ይታያል። እርስዎ ግን አልጋዎቹና ተንሸራታች ክፍሉ (ቤቱ ሲቆም ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚገፋው ክፍል) በሙሉ እንዲዘጉ ይጠይቁና በሩን ከፍተው ይግቡ። መጸዳጃው ጋ መድረስ ይቻላል? የማቀዝቀዣው በር ይከፈታል? በአንዳንዶቹ ሶፋው ወይም ተንሸራታቹ ክፍል ሲዘጋ መተላለፊያውን ስለሚይዘው ከበሩ ሁለት እርምጃ ማለፍ አይቻልም። አምስት ልጅ ይዞ ስድስት ሰዓት የሚነዳ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ መጸዳጃ ለመክፈት አልጋ መዘርጋት የለበትም። ብቻውን ገዢን ሊያስመልስ የሚገባ ጉድለት ነው። (ለማንኛውም፣ መኪናው ሲንቀሳቀስ ተጎታቹ ውስጥ ማንም አይቀመጥም።)

5. የዝናብ ቀኑን ይለማመዱ

አሁን ልጆቹን ማምጣት ይቻላል። ሁሉም ይግቡና በሩ ይዘጋ፤ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ። አንዱ ምድጃው ጋ ይቁም፣ አንዱ ወደ መጸዳጃ ይሂድ፣ ሌላው ቦርሳውን ይፈልግ። ጠረጴዛው ዙሪያ ብዙ ጊዜ አራት ሰው ይቀመጣል፤ የቀሩት ሦስቱ የት ናቸው? የሰባት ሰው ጫማ አሥራ አራት ነው፤ በሩ ሥር የሚቀመጥበትን ቦታ ያሳዩኝ ብለው ሻጩን ይጠይቁት። በሃይብሪድ ውስጥ ጫፎቹ አልጋ ስለሚሆኑ ቁም ሣጥን የሚሠራበት ግድግዳ ትንሽ ነው፤ ዕቃ ማስቀመጫው ከሚጠበቀው ያነሰ ነው።

የቆሻሻ ውሃ ጋኑንም በሰው ያካፍሉት። 100 ሊትር የሚይዝ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ሰው በ10 ሊትር ገላውን ቢታጠብ አንድ ዙር 70 ሊትር ይወስዳል። የቀረው 30 ሊትር የአንድ ቀን የዕቃ እጥበት ነው። ከፍሳሽ መስመር ጋር የሚያያዝ ማረፊያ ካልያዙ በማግስቱ ልታፈሱ ትሄዳላችሁ ማለት ነው።

6. ሸራውን እንደ አንድ የቤተሰብ አባል ያስቡት

ሃይብሪድ ገዝተው መልሰው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ በሸራው ተማርረው ነው፤ በሸራው የሚማረሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ያልተነገራቸው ናቸው።

ሸራ እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ቶሎ ይሻግታል። በዝናብ ጠዋት ጠቅልለው ከተመለሱ በዚያው ቀን፣ ግፋ ቢል በማግስቱ፣ ደጅዎ ላይ መልሰው ዘርግተው ማድረቅ አለብዎት። አሥር ሰዓት ነድተው፣ ልጆች ተኝተው፣ ነገ ሥራ እያለ። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ግቢዎን በሜትር ይለኩ። እያንዳንዱ የጫፍ አልጋ ወደ ውጭ 1.5 ሜትር ያህል ስለሚወጣ 6.5 ሜትር የሆነው ቤት ከፊትና ከኋላ ሲዘረጋ 9.5 ሜትር ይሆናል። ተጎታቹን የሚያቆሙት በኪራይ ቦታ ከሆነና እዚያ መዘርጋት ካልተፈቀደ፣ ሃይብሪድ ባይገዙ ይሻላል ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ሲታጠፍ እርጥቡ ሸራ በቀጥታ ፍራሹ ላይ ስለሚተኛ፣ ከመዝጋትዎ በፊት ፍራሹ ላይ ሰፊ ላስቲክ ያንጥፉ፤ ይህችን ያወቅነው ሁለት ብርድ ልብስ አበስብሰን ነው።

ሸራ ሙቀት አይዝም። በብርድ ሌሊት ማሞቂያው ሲነሳና ሲጠፋ ያድራል፤ ጋዝ ይበላል፣ ማራገቢያውም ባትሪውን ይጨርሰዋል። ወላጆች ሸራው ሥር ሲንቀጠቀጡ ማሞቂያው አጠገብ የተኙት ልጆች ብርድ ልብስ ገፍተው ይጥላሉ። በአልጋው ጣሪያ ላይ ከውጭ የሚለብስ ብርሃን መላሽ ሽፋን ለብርዱም ለጠዋት ፀሐይም ይረዳል። ለሊቱን የሰባት ሰው ትንፋሽ ሸራው ላይ ጤዛ ሆኖ እንዳይንጠባጠብ መስኮቱን ትንሽ ገርበብ ያድርጉት።

የሚሄዱበት ቦታም ይወስናል። ድብ በሚበዛባቸው አንዳንድ ማረፊያዎች ሸራ ያለው ማንኛውም ተጎታች አይገባም። በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ያለው የፊሺንግ ብሪጅ የተጎታች ቤቶች ማረፊያ የሚቀበለው ጠንካራ ግድግዳ ያላቸውን ብቻ ነው። «አልጋዎቹን ሳንዘረጋ እናድራለን» እንዳይሉ፣ ሰባት ሰው ወለል ላይ አይበቃም።

7. ያገለገለ ከሆነ፣ ውሃ የገባበትን ይፈልጉ

በማንኛውም ተጎታች ቤት ላይ ውሃ ጠላት ነው። ሃይብሪድ ደግሞ ግድግዳው ላይ ሁለት ሦስት ትልልቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ የተዘጋው አልጋ ከቀዳዳው ጋር የሚገናኘው ዙሪያውን በሚሄድ የጎማ ማሸጊያ ብቻ ነው። በዝናብ ሲነዳ የፊተኛው አልጋ ነፋስና ውሃ በቀጥታ ይመታዋል። ስለዚህ ባትሪ መብራት ይያዙና ፍራሹን ያንሱ። የሰሌዳውን አራት ማዕዘኖች፣ በተለይ የታችኞቹን፣ በአውራ ጣትዎ ይጫኑ። ጤናማ እንጨት አይበገርም፤ እርጥበት የበላው ግን ውሃ እንደነካው ዳቦ ጣትዎን ይቀበላል። ማሸጊያው የተሰነጠቀ ወይም የተጠፈጠፈ መሆኑን ዙሪያውን በእጅዎ እየዳሰሱ ይሂዱ።

ቀጥሎ ከቤቱ ማዕዘን ቆመው በግድግዳው ርዝመት አሻግረው ይመልከቱ፤ ጠዋት ወይም ማታ ብርሃኑ ጋደል ሲል ይሻላል። ፋይበር ግላሱ (የግድግዳው የውጭ ልባስ) እንደ እንጀራ ዓይን ባይሆንም አለፍ አለፍ ብሎ ካበጠ፣ ከኋላው ያለው እንጨት እርጥበት ገብቶት ሙጫው ለቋል። ይህ ጥገናው ከባድ ስለሆነ ዋጋ አያከራክሩ፤ ትተውት ይሂዱ።

ሸራውን ያሽቱት። ሽቶ የተረጨበት ከሆነ ሁለት ጊዜ ያሽቱት። ዚፖቹን ሁሉ እስከ መጨረሻቸው ይክፈቱና ይዝጉ፤ ሸራው ቤቱ ጣሪያ ጋር የሚያያዝበትን ስፌት ከውስጥ ሆነው ወደ ብርሃን ይዩት።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ስለሆነ አይታለሉ፤ የተጎታች ጎማ ብዙ ጊዜ የሚያረጀው ቆሞ ነው። በጎኑ ላይ ካለው ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ስድስት ዓመት የሞላውን እንደሚቀየር ቆጥረው ዋጋው ላይ ይደራደሩ። የጭስ፣ የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዎቹም የሚያበቁበት ቀን አላቸው። ተጎታቹ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚያስይዘውን ገመድ ስበው ጎማዎቹ መያዛቸውን ያረጋግጡ።

8. ራስዎ ይክፈቱት፣ ራስዎ ይዝጉት

ሻጩ አንድ ጊዜ ያሳይዎት። ከዚያ እርሱ እጁን አጣጥፎ ይቁም፣ እርስዎና ባለቤትዎ ያለ እርሱ ይዘርጉት፤ መልሳችሁም እጠፉት። አልጋው ሲወርድ ክብደቱን የሚይዘው ማን ነው? ቁመታችሁ መቀርቀሪያው ጋ ይደርሳል? የፊተኛው አልጋ ተጎታቹ ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ መውረድ ይችላል ወይስ የመኪናውን የኋላ በር ይመታል? መዘርጋቱ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ደግ ነው፤ ሻጩ አምስት ደቂቃ ያለው የእርሱ ሥራ ስለሆነ ነው።

9. ገዝተው ሲጨርሱ ይመዝኑት

ለመጀመሪያው ጉዞ እንደሚጭኑት ሁሉንም ጭነው፣ ልጆቹንም አሳፍረው የጭነት መኪኖች የሚመዘኑበት የምድር ሚዛን ይሂዱ። መጀመሪያ ተጎታቹ ተያይዞ፣ የክብደት አከፋፋዩ ዘንጎች ተፈትተው፣ የመኪናው ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ ይሁኑ። ቀጥሎ የተጎታቹ ጎማዎች ብቻ። በመጨረሻ ተጎታቹን አላቅቀው መኪናውን ከነተሳፋሪው ለብቻው ይመዝኑ። ከመጀመሪያው ንባብ የመጨረሻውን ሲቀንሱ ኳሱ ላይ ያለውን ጫና ያገኛሉ፤ ይህን ጫና የተጎታቹ ጎማዎች ላይ ከተነበበው ጋር ሲደምሩት የተጎታቹ ጠቅላላ ክብደት ይሆናል። ጫናው ከጠቅላላው ከ10 በመቶ ካነሰ ከባዱን ዕቃ ከኋላ ወደ ፊት ያምጡ። ከመኪናው አቅም ካለፈ የተጎታቹን የፊት ዕቃ ማስቀመጫ አቃልለው ዕቃውን ወደ ጎማዎቹ ያስጠጉና እንደገና ይመዝኑ። ውሃውን መድረሻዎ ላይ መሙላት የሚቻል ከሆነ ጋኑን ባዶ አድርጎ መጓዝ ከሁሉ ቀላሉ ማስተካከያ ነው፤ የጋኑ ቦታ ከጎማዎቹ ፊት ወይም ኋላ መሆኑን ግን አስቀድመው ይወቁ፣ ሲሞላና ሲጎድል የኳሱን ጫና ይለውጠዋልና።